የአቶ ማንደፍሮ የሮድስ ፕሮግራም

ሦስት ሐበሾች በተሰበሰቡበት አገር ሁሉ ከሦስቱ አንዱ ፕሮግራም አውጪ ነው። ሁለቱ ቁጭ ብለው ሻያቸውን ሲጠጡ እሱ ሰዓቱን ያያል። የመረጠው የለም፤ የሾመው የለም፤ ብቻ አንድ ቀን ብድግ ብሎ «ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ባቡር ጣቢያው በር» ይላል። እናንተም እየተነጫነጫችሁ ሰዓቱ ሳይደርስ እዚያ ትገኛላችሁ። እኔ አዲስ አበባ ኖሬያለሁ፣ ካርቱም ኖሬያለሁ፣ አምስተርዳም ይኸው እየኖርኩ ነው፤ ፕሮግራም አውጪ ያልበቀለበት ሰፈር ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

የእኛው ክቡር አቶ ማንደፍሮ ናቸው። የአምስተርዳሙ የኦስዶርፕ ሰፈር ነዋሪ፣ ዕድሜያቸው ወደ ስድሳው የተጠጋ፣ ቁመታቸው አጭር፣ እርምጃቸው ረጅም። ሥራቸው የአንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ ማጽዳት ነው። ስትጠይቋቸው ግን «ሬይስቢሮ ነው የምሠራው» ይላሉ፤ ውሸትም አይደለም። ሠራተኞቹ ሲወጡ ገብተው ወለሉን ይወለውላሉ፣ የቆሻሻ ቅርጫቱን ይደፋሉ። ጊዜው ያለፈበትን የጉዞ መጽሔት ግን አይደፉም፤ በላስቲክ አድርገው ቤታቸው ያመጡታል። መኝታ ቤታቸው ውስጥ ከአልጋው ይልቅ ስፔንና ግሪክ ሰፊ ቦታ ይዘዋል።

እምነታቸው ባጭሩ ይህ ነው፤ ሰው አንድ አገር ሄዶ ያለውን ሁሉ ሳያይ ከተመለሰ ባይሄድ ይሻለው ነበር። መቀመጥ፣ ማዛጋት፣ «ትንሽ አረፍ እንበል» ማለት ክልክል ነው። የደፈረ ሰው መልሱን ወዲያው ያገኛታል።

«ለመተኛትማ ኦስዶርፕ ምን አነሰን!»

ዴንሃግ ወስደውናል። ማዱሮዳም የሚባለውን፣ መላ ሆላንድ ከሰው ጉልበት እንዳትበልጥ ተደርጋ የተሠራችበትን ቦታ። ለሳቸው ገነት ነው፤ አንድ አገር በሙሉ በሁለት ሰዓት ያልቃላ! ዝናቡ እየወረደ «ወደቡን አያችሁ? ንፋስ ወፍጮውን አያችሁ? ቀጥሉ!» ይሉናል። እኔ ደክሞኝ አንድ ነገር ላይ ቁጭ ልል ስል «ባዩ! ተነሣ!» ብለው ጮኹብኝ። ለካ ልቀመጥበት የነበረው የአንድ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ኖሯል።

ሮተርዳምም ወስደውናል፤ ከረጅሙ ግንብ ላይ ከተማውን ልናይ። የዚያን ቀን ጉሙ የራስን እጅ አያሳይም ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ወደ ቤት ይመለሳል። አቶ ማንደፍሮ ግን ጫፍ ድረስ አወጡንና ነጩን ጉም በጣታቸው እየጠቆሙ «በዚህ በኩል ወንዙ አለ፤ በዚያ መርከቦቹ፤ እመኑኝ» አሉን። አመንናቸው። ምን ምርጫ ነበረን?

በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በሆላንዶቹ ሰማንያ ስድስት መሆኑ ነው፣ ፕሮግራማቸው ከሆላንድ ወሰን ወጣ። ምክንያቷ ብርነሽ ነበረች። ብርነሽ ሆስፒታል ውስጥ የምትሠራ፣ አምስተርዳም ኖርድ የምትኖር፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። በስደቱ ጊዜ ልጇ ሰገነት ሱዳን ድንበር ላይ ጠፍታባት አራት ዓመት ሙሉ የት እንዳለች ሳታውቅ ኖረች። ያን ጊዜ ለእመቤታችን ተሳለች፤ «ልጄን ካመጣሽልኝ፣ በፍልሰታሽ ቀን፣ ከቤተ ክርስቲያንሽ ገብቼ ጃንጥላ አስገባለሁ»። ልጅቷ በዚሁ በሰባ ስምንት፣ በመጋቢት፣ ስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ ገባች።

ጃንጥላውን ብርነሽ ራሷ ሠራችው። አልበርት ካይፕ ገበያ ሄዳ ቀይ የመጋረጃ ከፋይና ወርቃማ ዘርፍ ገዛች፤ ሆላንዶች ሶፋቸውን የሚያስጌጡበትን። ስታበቃ ከአገር ቤቱ አይለይም ነበር። የጎደለው የሚገባበት ቦታ ብቻ ነው። በዚያን ጊዜ የምንሰበሰብበት የራሳችን ቤተ ክርስቲያን አልነበረንም።

አቶ ማንደፍሮ ይህን ሲሰሙ ዓይናቸው በራ። «ግሪክ!» አሉ። «ኦርቶዶክስ አይደሉም እንዴ? ዘንድሮ ሮተርዳም ፋሲካን አብረናቸው አላከበርንም? በአንድ ቀን አልዋለም?» ውሏል። «እንግዲያው ፋሲካ ከገጠመ ፍልሰታ የት ይሄዳል!» አሉና አንድ የሮድስ ደሴት መጽሔት ከአልጋቸው ሥር ጎትተው አወጡ። ከደሴቲቱ መንደሮች አንዷ ሊንዶስ ናት፤ ውስጧ የማርያም ቤተ ክርስቲያን አለ። ነሐሴ ዐሥር ገብተን ነሐሴ ዐሥራ ስድስት ሊንዶስ እንውላለን። ለብርነሽ ስለቷ ይደርሳል፤ ለእሳቸው ደግሞ አምስት ቀን ሙሉ የሚጎበኝ ነገር ይተርፋል። ማንም ተቃውሞ አልነበረውም፤ እኔ እንኳ ዛንዳም መጋዘን ውስጥ ዓመቱን ሙሉ የብስኩት ካርቶን ስሸከም ስለኖርኩ ባሕር ዳር እተኛለሁ ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር።

አራት ሆነን ሄድን። አራተኛው አቦይ ሓጎስ ናቸው፤ ምጽዋ ያደጉ፣ አሰብ መንገድ ላይ ሾፌርነት ያረጁ። «እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ባሕሩ አጠገብ ቁጭ ማለት» ብለው አስቀድመው አስታወቁ። ሰገነት ወረቀቷ ገና ስላላለቀ ጎረቤት ዘንድ ቀረች። ስኪፖል ላይ ፈታሿ ያን የሚያብረቀርቅ ጃንጥላ አገላብጣ አይታ «ለፀሐይ ነው?» ብላ ብርነሽን ጠየቀቻት። «ለማርያም ነው» አለቻት ብርነሽ። ፈታሿ «መልካም ቫካንሲ» ብላ አሳለፈችን።

ጉዱ የፈላው ሮድስ ሆቴላችን ውስጥ፣ በመጀመሪያው ራት ነው። ጾም ላይ ነንና ሥጋ የለም፣ አይብ የለም፣ እንቁላል የለም፣ ቅቤ የለም ብለን አስተናጋጁን አስጨነቅነው። በመጨረሻ ምግብ አብሳዩ ራሱ ወጣ። ስታማቲስ ይባላል፤ ከሮተርዳም በሚነሣ መርከብ ላይ ዐሥራ አንድ ዓመት አብስሏል፣ ደችም እንደ ወደብ ሠራተኛ ይናገራል። ብርነሽና አቦይ ሓጎስ እጃቸውን ሊታጠቡ ሄደዋል።

«የምን ጾም ነው?» አለን።

«የማርያም ነዋ» አሉ አቶ ማንደፍሮ፣ አስተማሪ እንደሚመልስ።

«የማርያምማ ትናንት በዓሏ ነበር! ነሐሴ ዐሥራ አምስት በፈረንጅ። ትናንት በግ ስናርድ ዋልን።»

አቶ ማንደፍሮ ክው አሉ። ከዚያ ክንዴን ያዝ አድርገው «ለብርነሽ ትንፍሽ እንዳትል። ፕሮግራሙ እንዳለ ነው» አሉኝ።

ተሳሳትኩ ላለማለት ምስኪኗን ሴት ከነጃንጥላዋ ሰው የሌለበት፣ በሩ የተዘጋ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሊያቆሟት ነው! ልነግራት ብዬ ሁለት ጊዜ ተነሣሁ፤ ግን እሷ ያን ጃንጥላ በየማታው ከአልጋዋ ራስጌ ስታቆመው ሳይ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ፕሮግራሙ እውነትም እንዳለ ቀጠለ። እሑድ ወደቡን፣ ሦስቱን ንፋስ ወፍጮ፣ በጥንት ባላባቶች የተሠራውን የድንጋይ ጎዳና ከዳር እስከ ዳር አየን፤ ከዚያም «ከዳር ወደ ዳር ሌላ ይመስላል» ብለው መለሱን። ሰኞ የቢራቢሮዎቹ ሸለቆ ሄድን። ሺህ ምንተ ሺህ ቢራቢሮ ዛፉ ላይ ተለጥፎ ተኝቷል፤ እንዳይረበሽም በየቦታው ምልክት ተሰቅሏል። የእኛ ሰው ሰዓቱ መድረሱን አይተው እኛን ለመሰብሰብ እንደ ልማዳቸው ሦስት ጊዜ አጨበጨቡ። ሸለቆው በሙሉ ብድግ አለ! ሰማዩ ቀላ፤ ጀርመኖቹ ካሜራቸውን መዘዙ፣ ዘበኛው ፊሽካውን ነፋ። አቶ ማንደፍሮ ቢራቢሮ ከባርኔጣቸው እያራገፉ «አያችሁ? ሌላው ሰው ተኝተው ነው የሚያያቸው» አሉን።

አንድ ነገር ግን ግራ ገባኝ። በፕሮግራሙ መሠረት ለባሕር የተመደበው በቀን አርባ ደቂቃ ብቻ ነበር። ከእሑድ ጀምሮ ግን ምሳ እንደበላን «ከሰዓት በኋላ በሙሉ ባሕር ነው፤ እኔ ጉዳይ አለኝ» ብለው ይጠፋሉ፤ የሚመለሱት ለራት ነው። አቦይ ሓጎስ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው፣ እግራቸውን ውኃ ውስጥ ነክረው፣ «ማንደፍሮ ልብ ገዛ» ይላሉ። እኔ ደግሞ በውስጤ፣ እኛን ሲያንገላቱ ከርመው እሳቸው ሆቴል ውስጥ ተኝተው ነው እላለሁ። ብቻ ራት ላይ ሲመጡ ዓይናቸው ቀልቶ፣ ጫማቸው አቧራ ለብሶ ነበር።

ዓርብ ደረሰ፤ ነሐሴ ዐሥራ ስድስት። ብርነሽ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጃንጥላዋን ታቅፋ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠች። «ባዩ፣ ምነው ላበህ?» አለችኝ። «ሙቀቱ ነው» አልኳት።

ሊንዶስ ነጭ መንደር ናት፤ ከላይዋ ገደሉ ላይ የጥንት ፍርስራሽ አለ፤ ቱሪስቱ በአህያ ሆኖ ወደዚያ ይወጣል። በጠባቡ መንገድ ስንገባ ባለ አህያው ሁሉ ለጃንጥላው መንገድ ለቀቀ። ኩርባውን ስንዞር ዓይኔን ልጨፍን ነበር።

በሩ ክፍት ነው። ሻማ በርቷል። አንድ ሽማግሌ ቄስ ልብሰ ተክህኖ ለብሰው ደጁ ላይ ቆመዋል፤ ከኋላቸው ጥቁር የለበሱ አራት አሮጊቶች ዳቦ ይዘው ተደርድረዋል። አጠገባቸው ስታማቲስ፣ ፀጉሩን አበጥሮ፣ የሠርግ ኮት የሚመስል ነገር ለብሶ።

ስታማቲስ ነው በደች የነገረኝ። አቶ ማንደፍሮ እሑድ ዕለት ብቻቸውን በአውቶቡስ መጥተው ቄሱን አጧቸው። ሰኞ መጡ፤ ቄሱ የቀን እንቅልፋቸው ላይ ነበሩ፤ ደጃፋቸው ላይ ሦስት ሰዓት ቁጭ ብለው ጠበቁ። የሚያግባባቸው ቋንቋ ስላልነበረ የሰገነትን ፎቶግራፍ እያሳዩ አለቀሱ። ማክሰኞም ሄዱ። ረቡዕ ስታማቲስ ዕረፍቱ ስለነበር ለማስተርጎም አብሯቸው መጣ። ቄሱ ሰምተው ሲጨርሱ «በዓሉ ገና መች ተሸኘ? የፊታችን ቅዳሜ ነው የምንሸኘው፤ ዓርብ ትምጣ» አሉ። በአባቶቻችን ዘመን ቤተ ክርስቲያኖቹ በምን እንደተለያዩ የጠየቀ የለም።

ብርነሽ ገባች። ቄሱ ጃንጥላውን ተቀብለው ከላይ ከታች አዩትና ስታማቲስን አንድ ነገር ጠየቁት፤ እሱም ወደ አቶ ማንደፍሮ ዞሮ «ይህ ለዝናብ ነው ለፀሐይ ይላሉ» አለ።

«ለክብር ነው በላቸው» አሉ አቶ ማንደፍሮ።

ከአሮጊቶቹ አንዷ ጃንጥላውን ዘርግታ በእመቤታችን ሥዕል ላይ ያዘችው። ያ የመጋረጃ ከፋይ በሻማው ብርሃን ሲያበራ ብርነሽ በነጭና ጥቁር ጠጠር በተነጠፈው ወለል ላይ ተደፋች፤ ከዚያ ቀና ብላ እልልታዋን አቀለጠችው። አሮጊቶቹ መጀመሪያ ደነገጡ፤ ኋላ አማትበው እነሱም ማልቀስ ጀመሩ። አቦይ ሓጎስ ዓይናቸውን እየጠረጉ «የባሕሩ አሸዋ ነው» አሉ። ስለ ራሴ አልናገርም።

ስንወጣ ብርነሽ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ሥዕሏ ሥር ያለው አበባ ሳምንት ያለፈው ነው። ቀናቸው አልፏል አይደል?»

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

«የኔ ቀን ግን ዛሬ ነው፤ እሷም ታውቀዋለች» አለች። «ደግሞ ማወቄን ለጋሽ ማንደፍሮ እንዳትነግራቸው። እንዲህ ለፍተው!»

ክቡርነታቸውን ፈለግናቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር፣ ጥላ ያለበት የድንጋይ መቀመጫ ላይ፣ ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ ደፍተው ጭልጥ ብለው ተኝተዋል። ከኪሳቸው ፕሮግራሙ ብቅ ብሎ ይታያል፤ «አምስት ሰዓት፣ ገደሉ ላይ ያለው የጥንት ቤተ መቅደስ፤ እንዳይቀር!» ይላል፣ ከሥሩም ሁለት ጊዜ ተሰምሯል። አሮጊቶቹ ያመጡትን ዳቦ ቆርሰን፣ ከጎናቸው ድንጋዩ ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። አቦይ ሓጎስ ከዚያም ሆነው ባሕሩ ይታያቸዋል።

ስታማቲስ ሰዓቱን አየና «ኧረ ቀስቅሷቸው! አምስት ሰዓት ሆኗል እኮ። እሱን ሳያዩ ከሊንዶስ አይኬድም» አለኝ።

ያን ቤተ መቅደስ እስከ ዛሬ አላየሁትም። ጣቴን አፌ ላይ አድርጌ ዝም አሰኘሁት።

«ተዋቸው» አልኩት። «ለመንቃትማ ኦስዶርፕ ምን አነሳቸው!»