የምሰሶ ቁጥር ሰባት አምፔር

የ«ብርቱ ጎማ» ካራቫን ማኅበር፣ የምሰሶ ቁጥር ሰባት ተጠቃሚዎች አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ ቅዳሜ፣ የፋሲካ ዋዜማ
ቦታ፦ ብራክፎንቴን የባሕር ዳርቻ የመዝናኛ ሰፈር፣ በሊቀመንበሩ ካራቫን (ተጎታች ቤት) ድንኳን ሥር፣ ነፋስ በማይመታበት በኩል
ሰዓት፦ ለ8፡00 ተጠርቶ፣ ዓሣው እስኪገለበጥ ስለተጠበቀ 8፡40 ተጀመረ

የተገኙ፦
1. ጋሼ ኤዝራ ፊላንደር፣ ሊቀመንበር፣ በጡረታ ላይ ያሉ ርዕሰ መምህር
2. እትዬ ሻርሊን ኮፕማን፣ የምግብ ኃላፊ
3. ጋሼ ኦትኒኤል ያፍታ፣ የቴክኒክ አማካሪ (የልጃቸው ባል የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው)
4. ጋሼ አልብሬክት ዳኒልስ፣ አባል
5. ኤስሜ ዳኒልስ፣ ፀሐፊ፣ የተራ ቁጥር 4 ሚስት

ምልዓተ ጉባኤ፦ ደንቡ አምስት ሰው ይጠይቃል። ጋሼ አልብሬክት በሸራ ወንበራቸው ላይ አንቀላፍተው ስለነበር ይቆጠሩ አይቆጠሩ የሚል ክርክር ተነሥቶ፣ ሊቀመንበሩ «ተኝቶም ይምጣ፣ መጥቷል» በማለት ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱን አብሥረዋል። ፀሐፊዋ ባሏ በጠራራ ፀሐይ ለምን እንደሚያንቀላፋ ልታስረዳ ስትነሣ፣ ጉዳዩ ራሱ አጀንዳ ስለሆነ ተራዋን እንድትጠብቅ ተነግሯታል።

የአነጋገር ሥርዓት፦ እንደ ማኅበሩ ልማድ የሥጋ መገልበጫውን መቆንጠጫ የያዘ ብቻ ይናገራል። የሚጽፍ እጅ መቆንጠጫ አይዝም የሚል አንቀጽ ስላለ ፀሐፊዋ በሃያ ሁለት ዓመት አገልግሎቷ አንድም ቀን ይዛው አታውቅም።

አጀንዳ 1፦ የምሰሶ ሰባት ብሬከር (ኃይል ሲበዛ መብራት የሚያቋርጠው) በየሌሊቱ ስለ መውደቁ

ሊቀመንበሩ እንዳብራሩት፣ ምሰሶ ሰባት ለአራታችን ካራቫኖች በጋራ ሃያ አምፔር ይሰጣል። ትናንት በስቅለት ሌሊት ብቻ ሦስት ጊዜ ወድቋል። የሰፈሩ አስተዳዳሪ አቶ ማጎና አዲስ ገመድ ሊያስቀብሩ ስለሆነ፣ ለየካራቫኑ ዐሥራ አምስት፣ ሠላሳ ወይስ ስድሳ አምፔር እንደምንፈልግ ዛሬ እስከ 11፡00 ሰዓት እንድንነግራቸው ጠይቀዋል። ከዚያ በኋላ ቆፋሪዎቹ ስለሚሄዱ ነገሩ ለከርሞ ይተላለፋል።

ፀሐፊዋ፣ ጋሼ አልብሬክት በእንቅልፍ ላይ ትንፋሻቸው ስለሚቋረጥ አፍንጫቸው ላይ መሣሪያ አድርገው እንደሚተኙ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር መሣሪያው ጸጥ እንደሚልና እሷም ቁጭ ብላ ትንፋሽ ስትቆጥር እንደምታነጋ ተናግራለች። ዛሬ ካልተስተካከለ ነገ በፋሲካ ቀን ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ቤት ይሄዳሉ። በዚህ ሰፈር ሠላሳ አንድ ፋሲካ አብረው አሳልፈዋል። ያለ መቆንጠጫ ስለተናገረች አስተያየቷ እንዳይመዘገብ ታዟል። ፈርታለች፤ ይህም እንዳይመዘገብ ታዟል።

ጋሼ ኦትኒኤል፣ ትክክለኛውን አምፔር ለማወቅ እያንዳንዱ ቤተሰብ በአንድ ጊዜ የሚሰካውን ተናግሮ መደመር ነው ብለዋል። ፀሐፊዋ ይህ በስብሰባው ላይ የተነገረ ብቸኛ ብልህ ነገር መሆኑን ለታሪክ ታስቀምጣለች።

ሊቀመንበሩ «እኔ አንዲት አምፖልና ራዲዮ ነው ያለኝ፤ ራዲዮኗም ለዜና ብቻ» ብለዋል።

እትዬ ሻርሊን «ኧረ እኔ ምን አለኝ! ስልክ እሞላለሁ፣ እሱንም አልፎ አልፎ» ብለዋል። ከካራቫናቸው የሚሰማው ጉርምርምታ ምን እንደሆነ ሲጠየቁ «ባሕሩ ነው» ሲሉ መልሰዋል።

ጋሼ ኦትኒኤል የጢም መላጫ ብቻ እንዳላቸው በእናታቸው መቃብር ምለዋል። ጢማቸው እስከ ደረታቸው ነው።

ፀሐፊዋ በባሏ ስም የመሣሪያውን ጀርባ አንብባ፣ ግማሽ አምፔር እንኳ እንደማይሞላ አስታውቃለች።

ሲደመር ሦስት አምፔር አልደረሰም። ሃያ አምፔር ለሦስት አምፔር ስለሚተርፍ ብሬከሩ ሊወድቅ እንደማይችል በሒሳብ ተረጋገጠ። ነገር ግን ይወድቃል። ከረጅም ውይይት በኋላ ጋሼ ኦትኒኤል፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራ ዕቃ አለኝ ብሎ በአፉ ያመነ አንድ ቤተሰብ ብቻ መሆኑን ጠቁመው፣ ጥፋቱ የመተንፈሻው መሣሪያ ሳይሆን እንደማይቀር ቴክኒካዊ አስተያየት ሰጥተዋል። እትዬ ሻርሊን «እኔም ጠርጥሬ ነበር፤ ሰው እንዳይከፋው ብዬ ነው እንጂ» ብለዋል።

ፀሐፊዋ «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ!» ብላለች። ያለ መቆንጠጫ።

ጋሼ ኦትኒኤል «እንግዲያው በፈረቃ ቢተነፍሱስ? እራት ሲበስል እረፍት፣ ከዚያ በኋላ እንደፈለጉ» የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። እትዬ ሻርሊን ደግፈዋል። ሊቀመንበሩ ነገሩ የሰው ሕይወት ስለሆነ በጥድፊያ እንዳይታይ አሳስበው፣ ከፋሲካ በኋላ እንዲጠና መርተውታል።

ውሳኔ 1፦ የጋሼ አልብሬክት መተንፈስ በጥናት ላይ እንዲቆይ በድምፅ ብልጫ ተወስኗል።

አጀንዳ 2፦ ዐሥራ አምስት፣ ሠላሳ ወይስ ስድሳ

ሊቀመንበሩ መቆንጠጫውን ከፍ አድርገው፣ የምሰሶ አምስት ሰዎች ሠላሳ መጠየቃቸውን ከታማኝ ምንጭ እንደሰሙ ገልጸዋል። እትዬ ሻርሊን «ከነዚያ ጋር እኩል ልንሆን ነው እንዴ? ባለፈው የድስት ምግብ ውድድር ላይ የሠሩንን ረሳችሁት?» በማለት ሠላሳ የሚለው ሐሳብ ውድቅ እንዲሆን አድርገዋል።

ፀሐፊዋ፣ የሁላችንም ካራቫን ገመድና ሶኬት ከዐሥራ አምስት አምፔር በላይ እንደማይችል በሶኬቱ ላይ እንደተጻፈ አንብባ አሰምታለች። ሊቀመንበሩ «ኤስሜ፣ አንቺ ጻፊ እንጂ አታንብቢ» ብለዋታል። አንዲት አምፖልና ራዲዮ ያለው ሰው ስድሳ አምፔር ምን ያደርግለታል ስትልም ጠይቃለች። ሊቀመንበሩ «ወደ ድምፅ እንለፍ» ብለዋል።

ውሳኔ 2፦ ለየካራቫኑ ስድሳ አምፔር እንዲጠየቅ አራት ለአንድ ተወስኗል። ጋሼ አልብሬክት በእንቅልፍ ልባቸው አንገታቸውን ወደ ፊት ስለጣሉ እንደ ድጋፍ ተቆጥሮባቸዋል።

አጀንዳ 3፦ ሙከራ

ሰዓቱ 10፡00 ሆኗል። ጋሼ ኦትኒኤል «ማጎናን ምን አስጠበቀን? ብሬከር የሚወድቀው ትንሽ ስለሆነ ነው፤ ትልቅ ስታደርግበት አይወድቅም። የልጄ ባል የረሳው ስድሳ አምፔር ብሬከር መሣሪያ ሣጥኔ ውስጥ አለ» ብለዋል። ፀሐፊዋ፣ ብሬከሩ ቢያድግ ገመዱ ያው ቀጭኑ ገመድ አይደለም ወይ ስትል ጠይቃለች። «የሴት ልጅ ወሬ» የሚለው መልስ ከማን እንደመጣ ለይታ መስማት አልቻለችም፤ ማለትም ችላለች፣ ጋሼ ኦትኒኤል ናቸው።

ውሳኔ 3፦ ብሬከሩ አሁኑኑ ተቀይሮ እንዲሞከር፣ ለሙከራውም ሁሉም ያለውን ትንሽ ትንሽ እንዲሰካ።

10፡25፦ ብሬከሩ ተቀየረ። አባላት ወደየካራቫናቸው ገቡ።

10፡27፦ ከአንዲት አምፖልና ራዲዮ ባለቤት ካራቫን አየር ማቀዝቀዣ መሥራት ጀመረ፤ ቀጥሎ የውሃ ማሞቂያ፣ ቀጥሎ ትልቅ ቴሌቪዥን።

10፡28፦ እትዬ ሻርሊን በራቸውን ሲከፍቱ ከቤታቸው ጭነው ያመጡት ባለ ሁለት ክዳን የሥጋ ማቀዝቀዣ ታየ። ባሕሩ እሱ ነው። በላዩ ላይ የዳቦ ምድጃ ነበር።

10፡30፦ ከጢም መላጫው ባለቤት ካራቫን የልብስ ማጠቢያ ማሽን እየተንቀጠቀጠ የካራቫኑን መስኮቶች አንቀጠቀጠ። ጋሼ ኦትኒኤል በኩራት ብቅ ብለው «አያችሁ? አልወደቀም!» ብለዋል።

እውነታቸውን ነው፤ ብሬከሩ አልወደቀም። ስለዚህም 10፡34 ላይ ገመዱ ከሣሩ ሥር መጨስ ጀመረ፤ ምሰሶውም ከወገቡ ጠቁሮ ድው አለና መብራቱ ጠፋ። ሊቀመንበሩ ያገኙትን ሰሐን አንሥተው በጭሱ ላይ አሸዋ አፍሰዋል። ሰሐኑ ውስጥ የነበረው የፋሲካው የዓሣ አልጫም አብሮ ተደፍቷል።

ጋሼ አልብሬክት በድምፁ ነቅተው «ወሰናችሁ?» ብለዋል። ሁኔታው ሲነገራቸው «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ብለው ውሃ ጠይቀዋል። በዕለቱ ያቀረቡት ሐሳብ ይኸው ብቻ ነው።

አቶ ማጎና እየሮጡ መጥተው የተቃጠለውን ምሰሶ ዞረው አይተዋል። ምሰሶ ሰባት እስከ ማክሰኞ እንደማይሠራ ተናግረው፣ ፀሐፊዋን ምን ያህል አምፔር እንደሚያስፈልጋት ጠየቋት። በዚህ ስብሰባ ይህን የጠየቃት የመጀመሪያው ሰው ናቸው። ግማሽ አለቻቸው።

«ግማሽ? ይሄንንማ ከቢሮዬ በረንዳ አምፖል መስመር ትናንት እሰጥሽ ነበር። ምነው አልነገርሽኝም?»

ኮሚቴ እየጠበቅሁ ነበር ብላለች። የሃያ ሁለት ዓመት ፀሐፊ ናትና አፍራለችም፣ ነዷታልም።

አጀንዳ 4፦ ልዩ ልዩ

ውሳኔ 4፦ ውሳኔ 1፣ 2 እና 3 ተሽረዋል። ምሰሶው ሲጠገን በቀድሞው ሃያ አምፔር እንዲቀጥል፣ የደረሰው ጉዳት በነፋስ ምክንያት እንደደረሰ እንዲቆጠር፣ ይህ ስብሰባ እንዳልተደረገ እንዲቆጠርና ቃለ ጉባኤው በሊቀመንበሩ ፊት እንዲቃጠል በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። ለዚህ ብቻ ማንም አልተከራከረም።

ስብሰባው 11፡05 ሰዓት ተዘግቷል። የአምፔር ምርጫው ከአምስት ደቂቃ በፊት አብቅቷል።

የፀሐፊ ማስታወሻ፦ ፀሐፊዋ ቃለ ጉባኤውን አላቃጠለችም። ለዛሬ የተቃጠለው ይበቃል።

የዳኒልስ ካራቫን በአቶ ማጎና መኪና ተጎትቶ ወደ ቢሮው በረንዳ ተዛውሯል። 12፡00 ሰዓት ላይ ሊቀመንበሩ የስልክ መሙያ ይዘው፣ ጋሼ ኦትኒኤል የጢም መላጫ ይዘው (አሁን እውነት ነው)፣ እትዬ ሻርሊን ደግሞ ሁለት ሙሉ በግ የሞላውን ማቀዝቀዣ በጋሪ አስገፍተው መጥተዋል። «እህቴ፣ ለአንድ ሌሊት ብቻ፤ ሥጋው መቅለጥ ጀምሯል» ብለዋል።

ፀሐፊዋ ስትወጣ በግርግሩ መሐል ያነሣችው መቆንጠጫ በእጇ ነበር። በደንቡ መሠረት ሌላው ሁሉ ዝም ብሏል። ድምፅ እንዳያሰሙ ነግራቸው በሩን ቀስ ብላ ዘግታባቸዋለች።

ጋሼ አልብሬክት ተኝተዋል። መሣሪያው እየሠራ ነው።

ኤስሜ ዳኒልስ፣ ፀሐፊ
(ፊርማ)