ጋሽ አይዞህ መስታወቱ ላይ

አይዞህ ባይ የሌለበት ቤተሰብ የለም። አለ የምትሉ ከሆነ አይዞህ ባዩ ራሳችሁ ናችሁ።

የኛ ቤት አይዞህ ባይ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ነው። በሙያው ልብስ ሰፊ ነው፤ ሱሪ ጠበበኝ ያለውን ደንበኛ «አይዞህ፣ ስትለብሰው ይሰፋል» ብሎ ይሸኛል። እኛ «ጋሽ አይዞህ» እንለዋለን። እህቱ መንጃ ፈቃድ ስትፈተን ከዳር ቆሞ «አይዞሽ!» ብሎ ሲጮህ ፈታኙ ደንግጦ ፍሬን ያዘ። አንድ ሠርግ ላይ ደግሞ ሙሽራውን ደጋግሞ «አይዞህ» ከማለቱ የተነሳ ሙሽራው የደበቁኝ ነገር አለ ብሎ ላብ አጠመቀው። እኔ ጥርሴን ልነቀል ስሄድም አጅቦኝ መጥቶ «የቁንጫ ንክሻ ነው» አለኝ። ክቡርነታቸው ግን የታመመ ጥርሳቸውን ታቅፈው በአንድ ጎን ማኘክ ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል። ለራሳቸው የሚተርፍ አይዞህ ኖሯቸው አያውቅም።

ባለፈው ሰሞን አራት ሆነን ተራራ ልናይ ሄድን፤ ባለቤቴ፣ አማቴ፣ ጋሽ አይዞህና እኔ። ጫፉ ላይ ከገደሉ ወጣ ብሎ የተንጠለጠለ፣ ወለሉ መስታወት የሆነ ሰገነት ሠርተዋል። መስታወቱ እንዳይጫር ከጫማ ላይ የጨርቅ ሽፋን ይጠለቃል። አማቴ አጥልቀው እንደ ግቢያቸው ተራመዱበት፤ ባለቤቴም ተከተለቻቸው። ጋሽ አይዞህ የሁሉንም ቦርሳ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ «እኔ ዕቃ ልጠብቅ» አለ።

እኔም ዕቃ ብጠብቅ ደስ ባለኝ። ችግሩ አማቴ ናቸው። ከተጋባን ጀምሮ ልጃቸውን ለብቻዋ ሲያገኟት «ይሄ ሰውዬ ክፉ ቀን ሲመጣ ይቆማል?» እያሉ እንደሚጠይቁ ሰምቻለሁ። ዳር ቀርቼ ቢያዩኝ መልሱን ራሳቸው አገኙት ማለት ነው።

«አይዞህ፣ ሳሎን ቤት ማለት እኮ ነው» አለኝ ጋሽ አይዞህ። ገባሁ።

መሃል ስደርስ ቁልቁል አየሁ። ከእግሬ ሥር አሞራ ይዞራል። የሚበር አሞራ ጀርባ አይቼ አላውቅም ነበር። ጉልበቴ ከዳኝና ቁጭ አልኩ። ከኋላዬ ያሉት «ወንድም፣ መንገድ» ይላሉ። ባለቤቴና እናቷ ወዲያ ጫፍ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ፎቶ ይነሳሉ። አሁን ዞር ካሉ አለቀልኝ አልኩ።

ያኔ ጋሽ አይዞህ መጣ። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ቦርሳዎቹን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ፣ በእንብርክኩ። አጠገቤ ሲደርስ እጄን ጨበጠኝ፤ እጁ በላብ ርሷል።

«ኧረ በጣም ያስፈራል» አለኝ። «ተያይዘን እንውጣ በቃ።»

በሕይወቱ እንዲህ ሲል ሰምቼው አላውቅም። እንደኔ የፈራ ሌላ ሰው ማግኘቴ ነው መሰል ጉልበቴ ትንሽ ተመለሰ። እሱ ዓይኑን አልገልጥም ስላለ መንገዱን ማየት የኔ ድርሻ ሆነና እየዳህን ወጣን።

እናትና ልጅ ሲመለሱ ደጅ ያለ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁና ቁና ስንተነፍስ አገኙን። «ምን ሆናችሁ?» አሉ አማቴ፣ እኔን እያዩ።

ጋሽ አይዞህ ቀደመኝ። «እኔ ነኝ እማዬ። እስቲ ልሞክር ብዬ ገብቼ ጉልበቴ ከዳኝ። እሱ ባይኖር እዚያው እቀር ነበር።»

«ኧረ ጋሼ፣ እንዲያውም...» ማለት ስጀምር ጭኔን ቆነጠጠኝ።

አማቴ ወንድ ልጃቸውን ከላይ እስከ ታች አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና «ተባረክ ልጄ» አሉኝ። «ልጄ» ሲሉኝ የመጀመሪያቸው ነው።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ እናትና እህቱ እስከ ቤት ድረስ ሲስቁበት መጡ። እሱም አብሯቸው ሳቀ። እኔ ወንድም ሳይኖረኝ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ለጠየቀኝ ሁሉ አንድ ታላቅ ወንድም አለኝ እላለሁ።