የቆመች መኪና ግብር

ቤንዚን በጨመረ ቁጥር ለመንግሥት ግብር የሚያስተካክል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኛ ሰፈር ቦሳ ኪቶ፣ ጎረቤታችን ጋሽ መኮንን አሉልን። መኪናቸውን በየቀኑ ያጥባሉ፤ አይነዷትም።

"ፍትሐዊ ግብር በተነዳ ኪሎ ሜትር ነው" ይላሉ። "የቆመች መኪና ማስከፈል ግፍ ነው።"

ማን ይከራከራቸዋል? ሁላችንም ደክሞናል።

አንድ ማለዳ ልጄን ምጥ ያዛት። ባጃጆቹ በሙሉ ቤንዚን ለመቅዳት ተሰልፈው አንድም አጣሁ። ጋሽ መኮንንን ብለምናቸው ሳያቅማሙ ቁልፋቸውን ይዘው ወጡ። ከሰፈር ሳንርቅ ግን መኪናዋ ቀጥ አለች፤ ቤንዚን አልቆባታል። ልጄ ከኋላ ወንበር "ማርያም! ማርያም!" ትላለች። ጎረቤቴ ዘይነባ ሱቋን ትታ እየሮጠች መጣች፤ ሰፈሩም ተከተላት፤ መግፋት ጀመርን።

ጋሽ መኮንን መሪያቸውን እንደያዙ አንገታቸውን በመስኮት አወጡ። "አያችሁ፣ አሁን ለምሳሌ መንገዱን የሚጠቀመው ማን ነው?"

"ማሎ ጋሼ፣ እባክዎ!" አለች ዘይነባ እያለከለከች። "ፊት ፊቱን ይዩ! የኪሎ ሜትሩን እኛ እየከፈልን ነው።"

እንዲህ እየገፋን ሐኪም ቤት ደረስን። ተመስገን፣ ልጄ ወንድ ልጅ በሰላም ተገላገለች።

ጋሽ መኮንን ሊጠይቋት ቤት መጡ። ገንፎ እየበሉ፣ "የዚያን ቀኑ መንገድ በእኔ ላይ አይቆጠርም፤ ሞተር አልሠራም" አሉ። ዘይነባ ልትመልስ አፏን ስትከፍት በዓይኔ ለመንኳት። ያን ማለዳ የሦስት ባለመኪና በር አንኳኩቼ የወጡልኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ገንፎውን ጨመርኩላቸው።