የአራተኛ ፎቅ ቂም

ፍራሽ ሰፊዋ በልጇ ላይ ቂም ከያዘች ዓመታት አልፈዋል። ቂሙም እንደዋዛ የሚታይ አልነበረም፤ በየእሑዱ የሚታደስ፣ ክብሩን የጠበቀ ቂም ነው። ልጅቷ ሆን ብላ፣ እናቷን ለመሸሽ፣ አሳንሰር የሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ተከራይታለች። ውፍረቷ ከዚህ ጋር አንዳች ግንኙነት እንደሌለው ፍራሽ ሰፊዋ ለጠየቃትም ላልጠየቃትም ታስረዳለች። የሚከብደው አጥንቷ ነው።

ስለዚህ የቤተሰቡ ጉባኤ የሚካሄደው ታች፣ በር ላይ ነበር። እሷ በዘበኛው ወንበር ላይ ትሰየማለች። የልጅ ልጇ በእናቷ እቅፍ ትወርዳለች። ምሳው ደግሞ በገመድ በታሰረ ባልዲ ከመስኮት ይወርዳል። ባዶው ባልዲ ሲመለስ "ጨው አንሶታል!" የሚል ቃል ወደ ላይ ይላካል፤ ሁለተኛ ዙር ይወርዳል። እንዲህ እንዲህ እያለ እሷ ያልወጣችውን ፎቅ ስኳሯና የደም ግፊቷ ወጡላት። ለልጅ ልጇ በገዛ እጇ የሰፋችውን ትንሽ ፍራሽ ግን አልጋ ላይ ተነጥፎ አይታው አታውቅም።

በመጨረሻ ሐኪሙ መድኃኒቱ ብቻውን እንዳልቻለ፣ ጨጓራዋን በቀዶ ሕክምና ማሳነስ እንደሚሻል ነገራት።

"አጥንቴንስ ምን ታደርጉታላችሁ?"

"አጥንትዎ ደህና ነው፣ እናቴ። ልብዎ ነው ሌላ ሰው አዝሎ የሚሮጠው።"

አኩርፋ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገባች፤ አኩርፋ ወጣች። ከወራት በኋላ ሰውነቷ ቀለለ፣ ስኳሯ ወረደ፣ ግፊቷ ረጋ፣ የደም ቅባቷ እንኳ ሥርዓት ያዘ። ሐኪሙ መድኃኒቷን እየቀነሰ፣ ክትትሉን ከተወች ሁሉም ሊመለስ እንደሚችል አስጠነቀቃት። እሷን ያስጨነቃት ሌላ ነው። ያ ሁሉ ሲወርድ ቂሙ አንዲት ግራም አልቀነሰም፤ መደገፊያው፣ ደረጃ መውጣት አለመቻሏ፣ ግን ከጨጓራዋ ጋር ተቆርጦ ቀርቷል።

እሑድ ደረሰ። መጀመሪያ ጉልበቷን አመማት፤ ቀጥሎ ጫማዋ ጠበባት። ዘበኛው ሁለት ጊዜ በልኳ እንዲጠብ የተሰፋውን ቀሚሷን አየት አደረገና፣

"እትዬ፣ ዛሬ እንኳ ወንበሬ ላይ እኔ ብቀመጥ ቅር ይልዎታል?" አላት።

በንዴት ደረጃውን ወጣች። በየፎቁ የቆመችው ደክሟት ሳይሆን የግድግዳውን ቀለም ለመገምገም ነበር።

"እማዬ! ማን አወጣሽ?"

"እግሬ።"

ከልጇ ጀርባ ካርቶኖች ተደርድረዋል። ትንሹ ፍራሽ ተጠቅልሎ ታስሯል።

"ለአንቺ ብለን እኮ ነው" አለች ልጅቷ። "ታች፣ መሬት ላይ ያለው ቤት ተለቀቀልን። ነገ እንወርዳለን።"

ሌላ እናት ብትሆን ትመርቅ ነበር። ፍራሽ ሰፊዋ ግን ጎንበስ ብላ የፍራሹን ገመድ ፈታች።

"ይሄ የትም አይሄድም" አለች። "እኔም።"

የአራተኛ ፎቁን ቤት ራሷ ተከራየችው፤ እነ ልጇ ታች ወረዱ።

ዛሬ እሑድ እሑድ፣ መሬት ላይ መኖር ተስማምቷት የወፈረችው ልጇ ደረጃውን ጀምራ ትመለስና በዘበኛው ወንበር ላይ እያለከለከች ታማርራለች፦ "ሆን ብላ ነው እኮ፤ እኔን ለመሸሽ!" ትንሿ የልጅ ልጅ ግን አያቷ ዘንድ ወጥታ ፍራሿ ላይ እየዘለለች ነው።

ባልዲው ይወርዳል። ውስጡ የተቀቀለ ካሮት አለ።

"ጨው አንሶታል እንዳትዪኝ" ይላል ከላይ የሚመጣው ድምፅ። "ለልብሽ ነው።"