የኢንጂነር ሙዐዊያ አፍንጫ

በይፋት ቆላ «እሱን እኮ እኔ ቀድሜ አስቤው ነበር» የሚል ሰው ያጣ ከተማ የለም። ማጀቴ አንድ አለ። አጣዬ ሁለት አሉ፤ አይነጋገሩም። ሸዋ ሮቢት ግን ክቡር ኢንጂነር ሙዐዊያ ስላሉ ሌላ አያስፈልግም።

ክቡርነታቸው በያጅ ናቸው። ማዕረጉን የሰጣቸው ዩኒቨርሲቲ ሳይሆን ሰፈሩ ነው፤ የመስጊዱን ድምፅ ማጉያ ከጠገኑ ወዲህ ስማቸውን በደረቁ የጠራ የለም። በቴሌቪዥን ድልድይ ሲመረቅ ካዩ እንኳ «ይኼንንማ በሰማንያ ሁለት ዓመተ ምሕረት አስቤው ነበር» ይላሉ።

አንድ ቀን ታዲያ መብራት ካልገባበት የቀወት ገጠር ወሬ መጣ። የጤና ኬላዋ ሠራተኛ ሐያት በንፋስ የሚዞር መብራት ማመንጫ በእጇ ሠራች ተባለ። ኢንጂነር የጀመሩትን በር ጥለው ባጃጅ ያዙ። «ልመርቃት ነው» አሉ። ፊታቸው ግን የመራቂ ፊት አልነበረም።

ደርሰው አዩት። ሐያት ወፍራም የፕላስቲክ የውሃ ቱቦ በቁመቱ ሰንጥቃ፣ ሥሩን ሰፋ ጫፉን ጠበብ አድርጋ፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሳ ሦስት ክንፍ አውጥታለች። ክንፎቹን ከአሮጌ ዲናሞ ጋር አስራ፣ ከፊት መሀላቸው ላይ ንፋሱን የሚከፍል አፍንጫ እንዲሆን ጎድጓዳ የፕላስቲክ ሳህን ደፍታበታለች። ይዞራል! ያውም እያፏጨ።

«ጋሼ ሙዐዊያ፣ እንዴት አዩት?» አለች ሐያት።

«ማሻአላህ» አሉ፤ ቃሉ ጉሮሯቸውን ቧጥጦ ወጣ። «አስቤው ነበር። እኔ ግን በብረት ነው ያሰብኩት።»

ይሄኔ አጠገባቸው የቆሙ ሽማግሌ «ኢንጂነር ሐያት፣ እደጊ!» ብለው መረቋት። ሙዐዊያ ያን ዕለት ምሳ አልበሉም።

ሳምንት ሙሉ ሥራ ዘግተው የብረት ክንፍ ቆረጡ፣ በየዱ። አፍንጫውን ከአሉሚኒየም ድስት ቀጥቅጠው አሾሉት፤ እንደ መስታወት እስኪያበራ ወለወሉት።

«ትንሿ ድስቴ የት ገባች?» አለች ባለቤታቸው ናፊሳ።

«ለሳይንስ ዋለች።»

ጣሪያ ላይ ሰቀሉት፤ ሰፈሩ ተሰበሰበ። ንፋስ መጣ። የጎረቤት ነጠላ ከገመድ ላይ ነጥቆ ሄደ። የኢንጂነር ክንፍ ግን ከክብደቱ የተነሳ ንቅንቅ አላለም።

«ንፋሱ እያሰበበት ነው መሰለኝ» አለች ናፊሳ።

በማግስቱ ያ ንፋስ የሐያትን ሳህን ገንጥሎ እንደጣለው፣ ማሽኑም እንደ ወባ በሽተኛ እየተንቀጠቀጠ እንደሆነ ተሰማ። «አልሐምዱሊላህ!» አመለጣቸው። ወዲያው «አስተግፊሩላህ» ብለው ዙሪያቸውን ቃኙ። ናፊሳ ሰምታለች።

በነጋታው ሊያጽናኗት ሄዱ፤ እሳቸው እንዳሉት። ሐያት ክንፎቹን በገመድ አስራ አቁማ፣ የተዘጋ ስልኳን ይዛ ተቀምጣለች።

«ለስልኬ ነበር እኮ የሠራሁት» አለች። «ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ምጥ ይዟት ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ነበር፤ አምቡላንስ መጥራት አቃተኝ። በቃሬዛ ይዘናት ስንወርድ መንገድ ላይ ወለደች። ተርፋለች፣ አልሐምዱሊላህ። ግን ሁለተኛ እንዲህ እንዳይሆን ብዬ ነው።»

ሙዐዊያ ትናንት ያችኑ «አልሐምዱሊላህ» በምን ምክንያት እንዳወጧት ያውቃሉ። አፈሩ። ይህንን ደግሞ አላሰቡትም ነበር።

«ክንፎቹን አውርጂያቸው» አሉ።

አንድ በአንድ መዘኗቸው። አንዱ ከሌሎቹ ከብዷል፤ ያንቀጠቀጠው እሱ ነው። ሦስቱም እስኪተካከሉ ድረስ ሞረዱት። ከዚያ ከተማ ተመልሰው ከጣሪያቸው ላይ ያን የሚያበራ አፍንጫ ነቀሉ፤ አምጥተውም በእጃቸው ሰኩት። ማሽኑ ዞረ፤ መንቀጥቀጡም ፉጨቱም ጠፋ።

ከወር በኋላ የሐያትን ማሽን ሊያዩ ከወረዳ እንግዶች መጡ፤ ክቡርነታቸውም ከከተማ ደርሰዋል። «ማነው የሠራው?» አሉ። ሰው ሁሉ ሙዐዊያን አየ። እሳቸውም አፋቸውን ከፈቱ፤ ዘጉት፤ እንደገና ከፈቱት።

«እሷ ናት። ኢንጂነር ሐያት» አሉ፤ ፊታቸው ኮሶ እንደጠጣ ሰው ተኮማተረ።

እንግዶቹ አመስግነው ተሳፈሩ፤ መኪናው ተንቀሳቀሰ። ክቡርነታቸው ጥቂት ቻሉ፤ ከዚያ ሽርጣቸውን ሰብስበው በአቧራው ውስጥ መስኮቱን እየመቱ ሮጡ።

«አፍንጫው ግን የእኔ ነው!»

እውነቱን ለመናገር፣ ከታች ሆኖ ላየው ሰው ከማሽኑ ሁሉ የሚያምረው እሱ ነው።