መካከለኛ ያልኩት መምህር

እኛ አገር እግዚአብሔርን ማመስገን የማይችል ሰው የለም። ሰውን ማመስገን ላይ ግን ሁላችንም ሰነፎች ነን። ጎተራው ጢም ብሎ የሞላለትን ገበሬ «ገብሱ እንዴት ነው?» ብትሉት «ይመስገነው፣ ደህና ነው» ብሎ ያልፋችኋል። ልጇ አንደኛ የወጣችላት እናት «ምን፣ ትሞካክራለች» ትላለች። ዓይን እንዳይበላው ነው። ደግሞስ ፍጹም አንድዬ ብቻ አይደል? ይህን ጠባያችንን ማን እንዳልሰማ ታውቃላችሁ? የመምህራን የሙያ ፈቃድ ፎርም ያዘጋጀው ሰው።

ምሕረት የምትባል አሥረኛ ክፍል የደረሰች ልጅ አለችኝ። ድሮ ሒሳብ ሲነሳ ሆዷን ያማት ነበር፤ ውሸቷን አይደለም፣ እውነትም ያማታል። ከዳባት የመጣ መምህር አዲሱ የሚባል ወጣት ካስተማራት ወዲህ ግን፣ እኔ ስንዴ ስለቅም እሷ አጠገቤ ተቀምጣ ግድግዳዬን በከሰል ቁጥር ትሞላዋለች። ግድግዳዬ ሲበላሽ ደስ ያለኝ ያኔ ብቻ ነው። የሚገርመው ሰውየው የተማረው ባዮሎጂ ነው። የሒሳብ መምህር ስለጠፋ «እስኪገኝ» ተብሎ ገባ፤ ይኸው ሦስት ዓመት አልተገኘም። በዕድሜ ልጄ ይሆናል፤ ሳነጋግረው ግን አንቱ እለዋለሁ፣ መምህር ነዋ! እዚህ ጽሑፍ ላይ ግን እንዲቀለኝ «እሱ» ልበለው።

ታዲያ አንድ ቀን፣ የሙያ ፈቃድ የሌለው መምህር ከመጪው ዓመት ጀምሮ ክፍል አይገባም ተባለ። ምሕረት ያን ቀን እራቷን አልበላችም። መምህር አዲሱ የጽሑፍ ምዘናውን አለፈ። የቀረው ማኅደረ ተግባር የሚሉት ነበር። እኔ የማውቀው ማኅደር ዳዊት የሚከተትበትን የቆዳውን ነው፤ ይኼኛው ግን መምህሩ የትምህርት ዕቅዱን፣ ያወጣውን ፈተና፣ የባልደረቦቹን ምስክርነት የሚያጭቅበት ዶሴ ኖሯል። ከውስጡ አንዷን ገጽ የምትሞላው የወላጆች ተወካይ ናት። ተወካይዋ ደግሞ እኔ ነኝ። እስከ ስድስተኛ ክፍል ብቻ ተምረሽ እንዴት ተመረጥሽ አትበሉኝ፤ የመረጡኝ ስብሰባ ላይ ስለማልናገር ነው።

ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ አነበብኩ። ሰዓት ያከብራል? ተማሪዎቹን ይወዳል? ትምህርቱን ጠንቅቆ ያውቃል? ለመልሱ ከ«ዝቅተኛ» እስከ «እጅግ በጣም ከፍተኛ» ሣጥን ሣጥን ተሠርቷል። አማተብኩና እስክሪብቶ አነሳሁ። «እጅግ በጣም» የሚለው ጋ ስደርስ እጄ ፈራ። እንዲህ ተብሎ የሚጻፍለት መልአክ ነው እንጂ የሰው ልጅ ነው? ደግሞ ይህን ጽፌ ማኅተም ካስመታሁበት በኋላ ልጁን አንድ ነገር ቢያገኘውስ? ለእሱው ሳስቼ ሁሉንም «መካከለኛ» ላይ ምልክት አደረግሁለት። ከግርጌ ደግሞ «እመቤቴ ትጠብቅልን» ብዬ ጨመርኩ። ትልቁ ምስጋናዬ እሱ ነበር፤ ግን ለእሱ ሣጥን አልተሠራለትም።

በሳምንቱ መምህር አዲሱ ዶሴውን ታቅፎ ቤቴ መጣ። ፊቱ ጠቁሯል።

«እትዬ፣ ምን አስቀይሜዎት ነው?» አለኝ።

«ኧረ ምን በወጣዎ!»

የራሱ ተማሪዎች ወላጅ መካከለኛ ያለችውን መምህር እኛ ምን እንበለው ብለው የትምህርት ቢሮ ሰዎች ዶሴውን መልሰውበታል። እስከ ነገ ካልታረመ ለዘንድሮ አበቃ። እንደዚያ የሞላሁት ዓይን እንዳይበላው ፈርቼ መሆኑን አስረዳሁት። እያዘነ ሳቀ። «እትዬ፣ ቢሮው እኮ ዓይን የሚባል ነገር አያውቅም» አለኝ።

በማግስቱ ተያይዘን ደባርቅ ሄድን። ቢሮው ውስጥ መነጽር ያደረገ ጎልማሳ ተቀምጧል። ፎርሙን ላርም መምጣቴን ስነግረው አገላብጦ አየና፣ «እናቴ፣ ባለፈው ሳምንት መካከለኛ የነበረ ሰው በዚህ ሳምንት ምን አግኝቶ ነው ከፍተኛ የሆነው?» አለኝ። በጉቦ ተደልላ ነው የመጣችው ብሎ መጠርጠሩ ነው። አልፈረድኩበትም።

«አንተ ልጅ» አልኩት፣ «እናትህ ሰው ፊት ጎበዝ ብላህ ታውቃለች?»

መነጽሩን አወለቀ። ጠረገው። እንደገና አደረገው።

«አንድ ቀንም ብላኝ አታውቅም።»

«ትጠላሃለች?»

አዲስ ፎርም ከመሳቢያ አውጥቶ ሰጠኝ። ቁጭ ብዬ ሁሉንም «እጅግ በጣም ከፍተኛ» ላይ ሞላሁ፤ በእያንዳንዱ ሣጥን ልክ በሆዴ «ይቅር በለኝ» እያልኩ። ግን ምኑ ውሸት ነበር? አንዱም።

ፈቃዱ መጣ። ምሕረት ዘለለች፤ እኔም ለእመቤቴ ጧፍ አበራሁ። በኋላ ነው ወረቀቱን ደህና አድርገን ያነበብነው። ከስሙ ሥር «ባዮሎጂ» ይላል። ለካ ፈቃድ ያለው መምህር ፈቃዱ ላይ የተጻፈውን ትምህርት እንጂ ሌላ አያስተምርም! ባዮሎጂ ደግሞ የእኛ ትምህርት ቤት ሁለት መምህራን አሉት። ራቅ ያለው የዛሪማ ትምህርት ቤት ግን አንድም የለውም። ስለዚህ መምህር አዲሱ ዛሪማ ተመደበ። ፈቃዱን ባያገኝ ልናጣው ነበር፤ አገኘና አጣነው። በሶ ቋጥሬለት ሸኘሁት። «እትዬ፣ ውለታዎን አልረሳም» ሲለኝ ወዴት ልይ?

አሁን ባለፈቃድ የሒሳብ መምህር እስኪገኝ ክፍለ ጊዜው ባዶ ነው። ምሕረት አሮጌ ደብተሯን ይዛ ብቻዋን ስትታገል ትቆይና ከሰሉን ታስቀምጠዋለች። ባለፈው አርብ ቀና ብላ አየችኝና፣ «እማ፣ ለመሆኑ ቲቸርን ማን ነው እንደዚህ አድርጎ ያመሰገነብን?» አለችኝ።

«እኔ ምን አውቄ» አልኳት፣ ስንዴዬን እየለቀምኩ።

እሑድ ወደ ንስሐ አባቴ ሁለት ነገር ይዤ እሄዳለሁ። አንዱ ለልጄ የዋሸሁት ውሸት ነው፤ ሌላው ለቢሮው የጻፍኩት እውነት። ስግደቱ የሚበዛው በሁለተኛው ይመስለኛል።