ዳንጊሶ ኬላው ላይ የተጫወተው ጨዋታ

ትናንት ረፋድ ላይ፣ ሞያሌ ኬላ በር በቆመ አውቶቡስ ውስጥ፣ ዳንጊሶ ሕልም አየ። በፀሐይ የታየ ሕልም ነውና ፍቺ አልፈልግለትም፤ እንዳየው ልንገራችሁ።

ዳንጊሶ የአንድ የሀዋሳ ራግቢ ክለብ አምበል ነው። በየወገኑ አሥራ ሦስት ሆነው ኳሷን ታቅፈው ይሮጣሉ፣ ለጓደኛ ሲያቀብሉ ግን ወደ ኋላ ብቻ ነው፤ ስድስት ጊዜ ይዘው ከጣሏቸው ደግሞ ኳሷን ለባላጋራ ያስረክባሉ። ጨዋታው በአጭሩ ይኸው ነው። ሰውየው ሠላሳ ስድስት ዓመት ሞልቶታል፣ ጉልበቱም ብርድ በመጣ ቁጥር ያቃስታል። ዘንድሮ ክለቡ ለምሥራቅ አፍሪካ ክለቦች የራግቢ ሊግ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመረጥ "ይቺን ተጫውቼ ልሙት" አለ። የመጀመሪያው ጨዋታ ከቀኑ ሰባት ሰዓት፣ ከኬላው ማዶ ኬንያ ውስጥ ነው። በሰዓቱ ያልተገኘ ክለብ በፎርፌ ተሸንፎ ከውድድሩ ይወጣል። ፓስፖርታቸው ተሰብስቦ ኬላው ቢሮ ገባ፤ ሰልፉ ግን አልንቀሳቀስ አለ። ዳንጊሶ ራሱን መስኮቱ ላይ እንዳስደገፈ እንቅልፍ ጣለው።

በሕልሙ የኬላው ሹማምንት የገዛ ፓስፖርታቸውን ይዘው አውቶቡሱ በር ላይ ተሰልፈዋል። አለቃቸው ቆቡን አውልቆ እጅ ነሣ።

"ጌታዬ፣ አራት ቀን ሙሉ ተመላለስኩ። ቢሮዬ ልግባ፣ ይፍቀዱልኝ።"

"ፎቶ ይዘሃል?" አለው ዳንጊሶ።

"ይዣለሁ።"

"ጆሮህ አይታይም። ነገ ና!"

አለቃው እንባውን ጠርጎ ወደ ሰልፉ ጭራ ሄደ። ዳንጊሶ በገዛ አፉ ደነገጠ። እንዲህ ያለ ክፉ ሰው ሆዱ ውስጥ መኖሩን አያውቅም ነበር።

ይቅርታ ሊለው ከአውቶቡሱ ቢወርድ እግሩ ያረፈው ሜዳ ላይ ነው። የሀዋሳ ዓሣ ገበያ አባ ኮዳዎች፣ እነዚያ መላጣ ትልልቅ ወፎች፣ ፊሽካ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ይዳኛሉ። ተመልካቹ ሜዳ ውስጥ ይተራመሳል፤ ተጫዋቾቹ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ቆሎ ይቆረጥማሉ። ኳሷ አንድ ወፍራም ሰውዬ ታቅፋ ትሮጣለች።

"ወደ ፊት አቀብሉ!" ብሎ ጮኸ ትልቁ አባ ኮዳ።

"ወደ ፊት ማቀበል ጥፋት አይደለም እንዴ?"

"ጥፋተኛው ኋላውን የሚያይ ነው። ደግሞ ስማ፣ ስድስት ጊዜ የተጣለ ዜግነቱን ያስረክባል።"

ዳንጊሶ ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ የቡድን ጓደኛው ማቲዎስ ስድስተኛ ጊዜ ወደቀ፤ ሲነሣም ኬንያዊ ሆኖ፣ የባላጋራን ማልያ ለብሶ ነበር።

"ማቲ! ምን ሆንክ?"

"ይቅርታ፣ እርስዎን የት ነው የማውቅዎት?" አለው ማቲዎስ።

ዳንጊሶ ክው አለ። አሥራ ሁለት ዓመት ከአንድ ትሪ የበላ፣ በሠርጉ ሚዜ የሆነለት ሰው አንቱ አለው! የቀሩትም አንድ በአንድ እየወደቁ ማዶ ተሻገሩ፣ ሁሉም እጅ እየነሡ አንቱ አሉት። እንዲህ ያለ መከበር ለጠላትም አይስጥ። ብቻውን ቀረ።

"አሥራ ሦስት ካልሆናችሁ ፎርፌ ነው" አለ ወፉ።

"እኔው አሥራ ሦስት ነኝ!" ብሎ ኳሷን ነጥቆ ሮጠ። አምስት ጊዜ ጣሉት፣ አምስት ጊዜ ተነሣ። ለስድስተኛው ማቲዎስ መጣና "ይታገሡኝ፣ አያምዎትም" እያለ ወገቡን ይዞ ወደ ላይ አነሣው። ዳንጊሶ አየር ላይ እንዳለ ስልኩ ጮኸ።

ነቃ። ማቲዎስ አጠገቡ ተቀምጦ ሙዝ ይልጣል።

"ማቲ፣ እስቲ አንተ በለኝ።"

"አንተ ሰውዬ፣ አበድክ?"

"ተመስገን!" አለና ስልኩን አነሣ። ሚስቱ ዘነበች ናት።

"የት ደረሳችሁ? እኛ ስታዲየም ገብተናል። ኬንያውያኑ ሰውነታቸውን እያፍታቱ ነው።"

"የት ስታዲየም?"

"ሀዋሳ ነዋ! ቦታው ተቀይሯል እያሉ ጠዋት በመኪና ሲለፍፉ ሰምተን መጣን። እናንተም የተመለሳችሁ መስሎን።"

ከሞያሌ ሀዋሳ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ነው፤ ለሰባት ሰዓት የቀረው ሦስት ሰዓት። ከፊት ወንበር ወደ ተቀመጡት የክለቡ ሊቀመንበር፣ ወደ ጋሽ ባረና፣ ዳንጊሶ እየተደናቀፈ ሄዶ ነገራቸው። እሳቸውም ቢሮ ደውለው የመጣ መልእክት እንዳለ ጠየቁ።

"አዎ ጋሼ፣ ደብዳቤ መጥቷል" አለች ጸሐፊዋ። "አምስት ቀኑ ነው። ጠረጴዛዎ ላይ አስቀምጬዋለሁ።"

"ምን ይላል?"

"እንዴት ብዬ ልወቅ? እርስዎ ሳይመሩበት ማን ይከፍተዋል? 'አስቸኳይ' የሚል ማኅተም አለበት እኮ!"

ጋሽ ባረና ስልኩን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። ያን ጊዜ የኬላው ሠራተኛ የፓስፖርቶቹን ክምር ታቅፎ፣ ጥርስ በጥርስ ሆኖ በበሩ ገባ።

"አስቸገርናችሁ፣ ግን ይኸው አለቀ! ሁላችሁም የመውጫ ማኅተም ተመትቶላችኋል፤ አሁን ከኢትዮጵያ ወጥታችኋል።"

"መመለስ ብንፈልግስ?" አለ ዳንጊሶ።

"ለመግባት?" አለ ሰውዬው፣ ማዶ ፀሐይ ላይ የተኮለኮለውን ሕዝብ በአገጩ እያሳየ። "ሰልፉ ያውላችሁ።"